ምዕራፍ ሰባት፦ ኳስ ያልነካው ሰው ሥራ

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች በመጀመሪያ ስለ አጥቂው፣ ቀጥሎም ስለ በረኛው ስንናገር፣ የሁለቱ ሰዎች ሥራ ለዓይን የተገለጠ በመሆኑ ምስክር ፍለጋ ብዙ አልደከምንም፤ ግብ የገባ እንደ ሆነ አግቢው ይታወቃል፣ የዳነ እንደ ሆነም ያዳነው ይታወቃልና። አሁን ግን ወደ ሦስተኛው ወገን፣ ማለት በሜዳው ላይ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሠርቶ ከሁሉ ይልቅ ጥቂት ወደሚነገርለት ወደ ኋላ መስመር ስንመጣ፣ ያ ቀላል የነበረው መንገድ ይጠፋብናል። የዚህ መስመር መልካም ሥራ የሚታየው በሆነው ሳይሆን በቀረው ነገር ነውና፤ ያልተሞከረ ምት፣ ሊላክ ታስቦ የተተወ ኳስ፣ ሊሮጥ ሲነሣ መንገዱ ተዘግቶ የተመለሰ አጥቂ በማናቸውም መዝገብ አይጻፉም። መስመሩ የሚጻፈው በተሸነፈበት ቅጽበት ብቻ ነው።

ከዚህም የተነሣ ጨዋታ ባለቀ ማግሥት በየቡና ቤቱና በየታክሲው የሚሰጠው ፍርድ አጭርና ጨካኝ ይሆናል። ምንም ግብ ያልገባ እንደ ሆነ «ተከላካያችን ጠንካራ ነበር» ይባላል፤ ሦስት የገባ እንደ ሆነ ደግሞ እነዚያው ሰዎች «ወንፊት» ይባላሉ። ፈራጁ በሁለቱም ጊዜ የተመለከተው ውጤቱን እንጂ መስመሩን አይደለም፤ መስመሩን ቢመለከትማ ኖሮ፣ ግብ ያልገባበት ቀን የተጋጣሚው አጥቂዎች ሦስት ጊዜ ብቻቸውን ወጥተው የሳቱበት፣ ሦስት የገባበት ቀን ደግሞ ተከላካዮቹ የታዘዙትን ሁሉ የፈጸሙበት ሊሆን እንደሚችል ባስተዋለ ነበር። በዚህ ምዕራፍ ለማስረዳት የምንደክመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመር የሚመዘነው እያንዳንዱን ቅጽበት ለይቶ፣ የተሠራውን ከታዘዘው ጋር በማስተያየት፣ አራቱንም ሰዎች እንደ አንድ አካል በመቁጠር ነው፤ የግቡ ቁጥር ጥያቄ ያስነሣል፣ ፍርድ ግን አይሰጥም።

ድሩና ጥለቱ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዐቀበት የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ በጉለሌ የሽሮ ሜዳን የሸማ ገበያ ያውቃል። ገዢ ወደ ሱቁ ገብቶ ነጠላውን ወይም ቀሚሱን በእጁ ሲዘረጋ፣ ዓይኑ ፈጥኖ የሚያርፈው በጥለቱ ላይ ነው፤ የቀለሙን ኅብር ያደንቃል፣ በዋጋው የሚከራከረውም ስለዚያው ነው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም ከዚያ ከመጡት የተወለዱ የዚያ ሰፈር ሸማኔዎች፣ እግራቸውን በጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ሲሠሩ ላየ ሰው ግን ሌላ ነገር ይገለጥለታል። ጥለቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ድሩ መወጠር፣ እያንዳንዱም ክር በጎረቤቱ አጠገብ እኩል ተዘርግቶ እኩል ተስቦ መቆም አለበት፤ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከወዲህ ወዲያ የሚመላለሰው በድሩ መካከል በተከፈተው መንገድ ነውና። ከብዙዎቹ የድር ክሮች ጥቂቶቹ ቢላሉ ጉዳቱ በእነርሱ ላይ ተወስኖ አይቀርም፤ ማጉ በዚያ ስፍራ ይጎብጣል፣ ጨርቁ ይኮማተራል፣ የጥለቱም መስመር ይዛባል። ገዢው ታዲያ «ጥለቱ ጠማማ ነው» ይላል እንጂ «ድሩ ላልቷል» አይልም።

ሽመናን የሚያውቅ ሰው ሸማውን የሚመረምረው ወደ ብርሃን አንሥቶ ነው። በብርሃን ፊት የቀለሙ ውበት ይደበዝዝና የክሮቹ ሥርዓት ይወጣል፤ የላላው ከጠበቀው፣ የተራራቀው ከተጠጋጋው ይለያል። አስተዋይ የሆነ መርማሪ ግን በዚህም አያቆምም። ክሩ የላላው እርሱ ራሱ በአፈታተሉ ደካማ ስለ ሆነ ነው? ወይስ አጠገቡ ያሉት ከልክ በላይ ስለ ተወጠሩ? ወይስ ከመጀመሪያው ድሩን ያደራው ሰው በልክ ስላልዘረጋው? ሦስቱም በጨርቁ ላይ የሚያሳዩት መልክ አንድ ነው፤ መድኃኒታቸው ግን ለየብቻ ነው። ደካማ ክር ይለወጣል፤ የጎረቤቱ ውጥረት ይላላል፤ ድሩን ያደራው ሰው ግን ሥራውን እንደ አዲስ መጀመር አለበት። በኋላ መስመር ላይ ግብ በገባ ጊዜ የምንጠይቃቸው እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፦ ሰውየው፣ ጎረቤቱ፣ አሠልጣኙ።

ከአሜሪካ ኮሌጆች የተገኘ ልማድ

ይህን ዓይነቱን ምርመራ ቋሚ ሥርዓት ካደረጉት መካከል ቀደምት የሆኑት የእኛን እግር ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች አይደሉም። አሜሪካውያን በራሳቸው ልማድ «እግር ኳስ» የሚሉት፣ ኳሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት ጨዋታ በየኮሌጆቻቸው ታላቅ ክብር አለው። በየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ውስጥ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሰጣል። ከ11ዱ ውስጥ አምስቱ በግንባር ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ከኋላቸው ለቆመው ወርዋሪ ጊዜ ያስገኙለታል፣ ለሯጩም መንገድ ይከፍቱለታል። የማጥቃት መስመር የሚባሉት እነርሱ ናቸው። ብዙዎቹ ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ግዙፋን ሲሆኑ፣ መካከለኛው ሰው ጨዋታውን ለማስጀመር ኳሱን ወደ ኋላ ከማቀበሉ በቀር፣ በሥርዓቱ ኳስ የሚይዝ ከመካከላቸው የለም፤ ሕጉም ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ እንዲቀበሉ አይፈቅድላቸውም።

እንግዲህ የእነዚህ ሰዎች ሥራ በምን ቁጥር ይገለጥ? ሰዎች የመጀመሪያ መልስ አድርገው የያዙት፣ ወርዋሪው ኳሱን ሳይለቅ በተጋጣሚ የተጣለባቸውን ጊዜያት መቁጠር ነበር፤ የአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ ይህን በእያንዳንዱ ጣይ ስም በይፋ መመዝገብ የጀመረው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን ወርዋሪው የወደቀው መስመሩ ስለ ተሰበረ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ራሱ ኳሱን ይዞ ስለ ዘገየም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ኳሱን የሚቀበሉት ጓደኞቹ አንዳቸውም ከጠባቂዎቻቸው ሳይላቀቁ ስለ ቀሩ። በቁጥሩ ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። በዚህ ላይ ሌላ አስገራሚ ነገር አለ፤ ወርዋሪው ተጥሎ ቡድኑ ወደ ኋላ የተመለሰበት ርቀት በኮሌጆች መዝገብ ከሩጫው ድምር ላይ ሲቀነስ፣ በባለሙያዎቹ መዝገብ ደግሞ ከውርወራው ድምር ላይ ይቀነሳል። አንዱ ኃጢአት ቅዳሜ በሯጩ ትከሻ፣ እሑድ በወርዋሪው ትከሻ ላይ ተጫነ ማለት ነው። የኮሌጅ ቡድን ሩጫ ደካማ መሆኑን ከቁጥር ብቻ አንብቦ በመስመሩ ላይ የሚፈርድ ሰው፣ ያ ደካማነት በከፊል ከመዝጋቢው ብዕር የተገኘ ሊሆን እንደሚችል አያውቅም።

ስለዚህ የመስመር አሠልጣኞቹ ቁጥሩን ለሕዝብ ትተው ወደ ፊልሙ ሄዱ። ጨዋታው ባለቀ ማግሥት አሠልጣኙ በጨለማ ክፍል ተቀምጦ እያንዳንዷን ሙከራ ደጋግሞ ያያል፤ በአንድ ጨዋታ ከስድሳ እስከ ሰማንያ የሚሆኑ ሙከራዎች ስለሚገኙ፣ አምስት ሰዎችን ለየብቻ መመልከት ማለት ከሦስት መቶ በላይ ፍርድ መስጠት ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ የሚጠይቀው «ምን ውጤት ተገኘ?» ብሎ አይደለም፤ «ይህ ሰው ሊገታው የታዘዘውን ተጋጣሚ ለየ ወይ? እግሩንና እጁን እንደ ተማረው አኖረ ወይ? እስከ ፊሽካው ድረስ ጸና ወይ?» ብሎ ነው። ከዚያም የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ይጽፋል። የሥርዓቱ ዋና ምሥጢርም እዚህ ላይ ነው፦ ሯጩ ተደናቅፎ ቢወድቅም ተግባሩን የፈጸመ የመስመር ሰው መደመር ያገኛል፤ ሯጩ በራሱ ጥበብ አምልጦ ቢያስቆጥርም ተጋጣሚውን የለቀቀ ሰው መቀነስ ይጻፍበታል። የሚያስጨበጭብ ሙከራ በመቀነስ ሊሞላ፣ የከሸፈው ሙከራ ደግሞ አምስት ንጹሕ መደመሮች ሊኖሩት ይችላል ማለት ነው።

በዚያች አገር ለአንድ የመስመር ሰው ብቻ የሚሰጥ ሽልማት ከጥንት ጀምሮ ነበረ። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን በታዋቂው የመስመር አሠልጣኝ በጆ ሙር ስም አዲስ ሽልማት ተቋቋመ፤ ይህኛው የሚሰጠው ለአንድ ሰው ሳይሆን በኮሌጆች መካከል የላቀ ሆኖ ለተገኘው ለመስመሩ በሙሉ ነው፣ የመጀመሪያውንም ዓመት የአላባማ ዩኒቨርሲቲ መስመር ወሰደው። ለአንድ ክር ለብቻው ሽልማት መስጠት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ እነርሱም የተረዱት ይመስለኛል።

አራቱን የሚያስረው ሕግ

በእኛ እግር ኳስ ውስጥ ለእነዚያ አምስት ሰዎች አቻ ቢፈለግ የኋላ መስመር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት መሀል ተከላካዮችና በቀኝና በግራ ዳር የሚወጡ የሚገቡ ሁለት ተመላላሾች ያሉበት። አሜሪካኖቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲቆሙ የእኛዎቹ በሰፊ ሜዳ ላይ ተራርቀው ስለሚቆሙ፣ አንድ አካል መሆናቸው በመጀመሪያ ሲታይ አይገለጥም። የሚያስራቸው ሕግ ነው፤ ይኸውም በአምስተኛው ምዕራፍ በአጥቂው ዓይን የተመለከትነው የኦፍሳይድ ሕግ ነው፣ አሁን ደግሞ በተከላካዩ ዓይን እናየዋለን።

ለማስታወስ ያህል፣ በተጋጣሚው የሜዳ ክፍል ያለ አጥቂ፣ ጓደኛው ኳሱን በሚልክበት ቅጽበት ከኳሱም፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ተጋጣሚም አልፎ ወደ ግቡ መስመር የቀረበ እንደ ሆነ፣ በጨዋታውም የተካፈለ እንደ ሆነ ይቀጣል። በረኛው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ሰው በመሆኑ፣ ሁለተኛው ማለት በተግባር ከተከላካዮቹ መካከል ከሁሉ ወደ ኋላ የቀረው ሰው ነው። እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ሕጉ በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ሰዎች እንዲኖሩ ይጠይቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ሁለት ዝቅ ተደረገ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከተከላካዩ ጋር እኩል የቆመ አጥቂ ነጻ ነው ተባለ።

ከዚህ ሕግ የሚወለደውን ነገር በጥሞና እንመልከት። መስመሩ የሚገኘው የመጨረሻው ሰው በቆመበት ነው። ሦስቱ ተከላካዮች ጓደኛቸው በጮኸው ድምፅ ዐሥር ሜትር ወደ ፊት ቢወጡና አራተኛው ሁለት እርምጃ ቢዘገይ፣ የሦስቱ ድካም ከንቱ ይሆናል፤ አጥቂው በዚያ በአንዱ ጥላ ሥር ነጻ ሆኖ ይቆማልና። ኳሱ ተልኮ ግቡ ከገባ በኋላ በቴሌቪዥኑ መስኮት የሚታየን ማን ነው? አጥቂውን ከኋላ እየተከተለ ሳይደርስበት የቀረው መሀል ተከላካይ፣ ማለት ትእዛዙን የፈጸመው ሰው ነው። ጥፋተኛው ምናልባት በሌላው ዳር፣ ከሠላሳ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከሥዕሉ ውጭ ቆሟል፤ ተመልካቹም ስሙን እንኳ አያነሣም። እኔ እንደሚመስለኝ ከተከላካዮች ሁሉ በግፍ የሚሰደበው፣ በስተ መጨረሻ አጥቂውን ሊደርስበት ሲሮጥ የታየው ሰው ነው፤ ያልሮጠ ሰው ስድብ የለበትም።

ሁለተኛውም ነገር ከሜዳው ስፋት የሚመጣ ነው። ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የተለመደው ሜዳ 105 ሜትር ርዝመትና 68 ሜትር ወርድ አለው። ወርዱን ለአራት ሰዎች ብናካፍል ለእያንዳንዱ 17 ሜትር ይደርሰዋል፤ ይህን ያህል ስፍራ ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ከሰው ልጅ አልተወለደም። ስለዚህ ብልህ መስመር ወርዱን ሁሉ አይጠብቅም፤ ኳሱ ወዳለበት ወገን ተሰብስቦ፣ የሩቁን ዳር ዐውቆ ባዶ ይተወዋል። ይህን የሚያደርገው ኳሱ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው በአየር እስኪሻገር ጥቂት ሰከንዶች እንደሚያልፉ ተማምኖ ነው፤ በእነዚያ ሰከንዶች አራቱም በአንድነት ይንሸራተታሉ። ስለሆነም «ያ የዳር አጥቂ ለምን ብቻውን ተተወ?» የሚለው የተመልካች ጩኸት ብዙ ጊዜ ጥያቄው የተሳሳተ ነው፤ ብቻውን የተተወው በውል ነው። ትክክለኛው ጥያቄ፣ ኳሱ በአየር ላይ ሳለ መስመሩ ተንቀሳቀሰ ወይ፣ በሚንቀሳቀስበትም ጊዜ በሰዎቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ሆኖ ቆየ ወይ የሚለው ነው። በሁለት መሀል ተከላካዮች መካከል የተከፈተ ስድስት ሜትር ከዳር ከተተወው ሠላሳ ሜትር ይልቅ አደገኛ ነው፤ የመጀመሪያው መንገድ በቀጥታ ወደ ግቡ ይወስዳልና።

ሦስቱ የጥር ቀኖች

ይህን ሁሉ በእጃችን ባለ እውነተኛ ነገር ላይ እንፈትነው። ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆይታ፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደችው በጥር 2005 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው በቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ ጥር 13 ቀን ነው፤ ከ51 ዓመት በፊት፣ በዚያው ጥር 13 ቀን፣ በ1954 ዓ.ም. የእነ ሉቺያኖ ቫሳሎና የእነ መንግሥቱ ወርቁ ቡድን በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብጽን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን የወሰደበት ዕለት ነበርና፣ ቀኑ ለብዙዎች እንደ በጎ ምልክት ታየ። (የ1954ቱን ግብ አግቢዎች በቃል የሚያውቅ አዛውንት በየሰፈሩ ይገኛል፤ በዚያ ቀን ከኋላ ቆመው የነበሩትን ግን ጠይቁትና ዝም ይላል።)

የሦስቱ ጨዋታ ድምር በቁጥር ሲነገር የሚያሳፍር ነው፤ አንድ ግብ አግብተን ሰባት ገባብን፣ አንድ ነጥብ ይዘንም ከምድባችን የመጨረሻ ሆንን። በቡና ቤት ፍርድ ነገሩ በዚህ ያበቃል። እኛ ግን ሸማውን ወደ ብርሃን እናንሣው።

በመጀመሪያው ቀን በኔልስፕሩት ከተማ የገጠመችን ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ሰዒድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት በዛምቢያው በረኛ ተመለሰ፤ ብዙ ሳይቆይም በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ዋልያዎቹም ዐሥር ሆነው ቀሩ። ከዕረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን፤ ከዕረፍት በኋላ ግን አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አደረገን፣ ጨዋታውም 1 ለ 1 አለቀ። ደጉ ደበበ በአምበልነት የሚመራው መስመር ከጨዋታው ግማሽ በላይ አንድ ሰው ጎድሎበት በሻምፒዮኑ ፊት ቆሞ አንድ ግብ ብቻ ገባበት።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ጥር 17 ቀን፣ በዚያው ሜዳ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተጫወትን። አሁን ነገሩ ተገለበጠ፤ አላን ትራኦሬ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ካገባብን በኋላ፣ በሁለተኛው አጋማሽ የተጋጣሚው በረኛ በቀይ ካርድ ወጣና እነርሱ ዐሥር ሲሆኑ እኛ ዐሥራ አንድ ሆንን። ተመልካቹ ሁሉ «አሁን ተራው የእኛ ነው» አለ። የሆነው ግን የቀሩት ሦስት ግቦች በሙሉ የገቡብን ከዚያ ቀይ ካርድ በኋላ መሆኑ ነው፤ 4 ለ 0 ተሸነፍን።

ሁለቱን ቀኖች አጠገብ ላጠገብ እናኑራቸው። አንድ ሰው ሲጎድለን አንድ ግብ፤ አንድ ሰው ሲተርፈን ሦስት ግብ። መስመሩ በአራት ቀን ውስጥ ሥራውን ረስቶ ነውን? የኦፍሳይዱን ሕግና የሜዳውን ስፋት ላስተዋለ ሰው ምሥጢሩ ሩቅ አይሆንም። ሰው የጎደለበት ቡድን በተፈጥሮው ወደ ግቡ ይሰበሰባል፤ በመስመሩና በበረኛው መካከል ያለው ስፍራ ይጠባል፣ በሰው በሰው መካከል ያለውም ርቀት ያጥራል፤ ድሩ ይጠብቃል ማለት ነው። በግብ ተመርቶ ሳለ አንድ ሰው የተረፈው ቡድን ግን አቻ ለመሆን ሲቸኩል ወደ ፊት ይወጣል፤ ተመላላሾቹ ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ አማካዮቹም ይከተሏቸዋል፣ መስመሩ ከመሀል ሜዳ አጠገብ ይቆማል፤ ከኋላውም እስከ ግቡ ድረስ ከአርባ ሜትር የማያንስ ባዶ ምድር ይተዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ላይ አንድ የተመጠነ ኳስ የተላከ እንደ ሆነ፣ ፊቱን ወደ ግቡ አድርጎ የሚሮጠው አጥቂ ገና ፊቱን ከሚያዞረው ተከላካይ ይቀድማል። ይህ የሩጫ ጉዳይ አይደለም፤ ማንም ፈጣን ሰው ቢተካበት ልዩነቱ ጥቂት ነው።

በሽሮ ሜዳው መርማሪ ጥያቄ ብንመለከተው፣ እነዚያ ሦስት ግቦች በአብዛኛው ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለት ድሩን ወዳደራው ሰው የሚያመሩ ናቸው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በዚያ ቀን የተበጠሰው ክር ሳይሆን ውጥረቱ ነው፤ ውጥረቱንም የሚያዘው ከሜዳው ዳር የቆመው ወገን፣ ከእርሱም ጋር ግብ ግብ እያለ የሚጮኸው ሕዝብ ሁሉ ነበር። ይህን ስል ተከላካዮቹን ከነቀፋ ሁሉ ማዳኔ አይደለም፤ ከሦስቱ ግቦች በየትኛው ላይ ማን ሁለት እርምጃ እንደ ዘገየ የሚያሳየው ሙሉውን ሜዳ ያየ መርማሪ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጨዋታ በሩስተንበርግ የተደረገው ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው። ተጋጣሚያችን ናይጄሪያ ነበረች። ሰማንያ ደቂቃ ያህል ምንም ሳይገባብን ቆየን፤ ከዚያ በኋላ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገባና 2 ለ 0 ተሸነፍን። በሁለተኛው ጥፋት በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ሲወጣ ተቀያሪ አልቆ ስለ ነበረ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በግቡ መካከል ቆመ። ፍጹም ቅጣት ምት የመስመሩ ጥፋት ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ልክ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ጥፋት የፈጸመ ሰው መቀነስ ይጻፍበታል። ዳሩ ግን ያ መቀነስ የሁለት ቅጽበቶች ነው፤ የቀሩት የሰማንያ ደቂቃ ቅጽበቶች የት ይጻፉ? ናይጄሪያ ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እንግዲህ የእኛ መስመር በዘጠኝ ቀን ውስጥ የቆመው ባለፈው ሻምፒዮን፣ በሚመጣው ሻምፒዮንና ከእርሱ ጋር ለፍጻሜ በሚደርሰው ቡድን ፊት ነበር፤ ሻምፒዮኗም በክፍት ጨዋታ አንድም ግብ አላገባችበትም። ከሰባቱ ግቦች አንዱ በጎዶሎ ቀን፣ ሦስቱ በትርፍ ሰው ቀን፣ ሁለቱ ከፍጹም ቅጣት ምት የገቡ ሲሆኑ፣ ዐሥራ አንድ ለዐሥራ አንድ ሆነን በክፍት ጨዋታ የገባብን የትራኦሬ አንዱ ብቻ ነው። «ወንፊት» የሚለው ስም ለዚህ መስመር አይገባውም ነበር።

ለሜዳ ተመልካችና ለስድስት ኪሎ ተማሪ

ይህን ዓይነቱን መመልከት ለመለማመድ ፊልም ወይም መሣሪያ የግድ አያስፈልግም፤ በጃን ሜዳም ይሁን በሰፈርዎ አቧራማ ሜዳ፣ ጨዋታ ባለበት ከግቡ ጀርባ እንጂ ከዳር አይቁሙ፤ መስመር ከዳር ሲታይ ቁመቱ፣ ከግቡ ጀርባ ሲታይ ግን በሰዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይገለጣል። ለዐሥር ደቂቃ ያህል ኳሱን መከተል ይተዉና ከአራቱ ተከላካዮች አንዱን ብቻ ይከታተሉ። መጀመሪያ ነገሩ ይሰለቻል፤ ዓይን ወደ ኳሱ እየኮበለለ ያስቸግራል። ጥቂት ቆይቶ ግን ሰውየው ኳሱ ከመምጣቱ በፊት ጎረቤቱን ዘወር ብሎ እንደሚያይ፣ በእጁ እንደሚያመለክት፣ አንዳንዴም ኳሱ ሩቅ ሳለ ሦስት እርምጃ ወደ ጎን መሄዱ ብቻ የተጋጣሚውን አሳብ እንደሚያስለውጥ ያያሉ። ጥሩ ተከላካይ ከደካማው የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ኳስ ሲመጣበት ብዙ አይሮጥም፣ አስቀድሞ ሄዷልና።

ከዚሁ ከጉለሌ ዐቀበት ሥር፣ በስድስት ኪሎም ሆነ በሌሎች ኮሌጆች የስፖርት ሳይንስ የምትማሩ ወጣቶች ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ይጠብቃችኋል። የ2005ቱ ሦስት ጨዋታዎች በፊልም ተቀርጸዋል፤ ወደ 270 ደቂቃ የሚሆን ጊዜ ነው። መስመሩ የተፈተነበትን እያንዳንዱን ቅጽበት ለይታችሁ፣ ለአራቱም ሰዎች መደመርና መቀነስ ጽፋችሁ፣ ጥፋቱ የሰውየው፣ የጎረቤቱ ወይም የትእዛዙ መሆኑን በአንድ ዐምድ አክላችሁ ብታቀርቡ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የሚጠቅም መዝገብ ይሆናል። እኔ ከላይ የሰጠሁትን ፍርድ የሚያፈርስ ነገር ብታገኙም አትሸሽጉት፤ ሥራው የሚጀምረው ከቡርኪና ፋሶው ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ቢሆን እመርጣለሁ።